አምስተኛው በር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኡርሆ ካንጋስ ሳውናውን፣ ሐይቁ ዳር ያለውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ያሞቃል። ሚስቱ አይሊ በሕይወት እያለችም ያሞቅ ነበር፣ ከሞተች በኋላም አንድ ቅዳሜ አላጎደለም። አንድያ ልጁ ካይሳ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ባሕር ውስጥ በገባ ሰሞን እንኳ፣ ጎረቤት ሁሉ ምግብ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲቆም፣ እሱ እንጨቱን ፈልጦ እሳቱን አያያዘ። ያገሩ ሰው ይህን አይቶ ጉድ አላለም። ከፊንላንድ የመጡ አያቶች ጫካውን መንጥረው በሰፈሩበት በሚቺጋን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቅዳሜ ሳውናውን ያላሞቀ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሰው ተጣልቷል።

ከሳውናው ሲወጣ ማድ ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስልክ ሥር ይቀመጣል። ስልኩ በፊት ይጮህ ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ ካይሳ ዘንድ እሑድ ሲነጋ፣ "አባዬ፣ እንፋሎቱ እንዴት ነበር?" ትለዋለች። "ደህና ነበር" ይላታል። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ "ከበድ ይላል" ይላታል። አንዴ "እኔም እኮ ትናንት እንፋሎት ውስጥ ነበርኩ" ብትለው፣ "እዚያማ አገሩ በሙሉ እንፋሎት አይደል፣ እንጨት ምን ያስፈጃል?" ብሎ ቀለደ። ሳቀች፣ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ "እሱስ ልክ ነህ" ብላ ዘጋች። ከዚህ የረዘመ ወሬ በመካከላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ግን እሱ በዚያች ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ይሰነብትባት ነበር። አሁን ስልኩ ዝም ካለ ዓመት አልፎታል። ኡርሆ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሩ መቀመጡን አልተወም። ብቻውን የቀረ ሰው ነበር፣ ሌላ ምን ይባላል።

ካይሳ የውኃ ጉድጓድ ባለሙያ ነበረች። ከምድር ወገብ በታች ወዳለች አንዲት ደሴት ለሁለት ዓመት ብላ ሄዳ አሥራ አንድ ዓመት ቆየች። በዓመት አንዴ፣ ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ፣ ትመጣና ከርማ ትመለሳለች። ኡርሆ የደሴቲቱን ስም ጠርቶ አያውቅም። "እዚያ" ነው የሚላት። እዚያ ዝናብ አለ? እዚያ ዓሣው ምን ይመስላል? ስሙ ለምላሱ ከብዶት እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ የባሰ ስም ያላቸው አጎቶች ነበሩት። ስሟን ከጠራ ልጁን ለወሰደችበት አገር መርቆ የሰጣት ይመስለው ነበር። አኩራፊ ነበር፣ ኩርፊያውንም በሆዱ ይዞ ለማንም ሳይተነፍስ አሥራ አንድ ዓመት ኖረበት።

ጠበቃዋ ፓውላ ብራንት ከቺካጎ ነድታ መጥታ ማድ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠች ዕለት፣ በመጀመሪያ ያስደነቃት ዝምታው ነው። እሷ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ፈጣን፣ ደህና ልብ ያላት ሴት ናት። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ባሕር ማዶ የወደቀ አውሮፕላን ወገን ያሳጣቸውን ሰዎች ይዛ ፍርድ ቤት መቆም።

"ሚስተር ካንጋስ፣ ሕጉን በአጭሩ ላስረዳዎት። ከአገር አገር የሚበር አውሮፕላን ወድቆ ሰው ከሞተ፣ ቤተሰብ ደስ ባለው ቦታ ሄዶ አይከስም። ያሉት በሮች አምስት ናቸው። አየር መንገዱ የተቋቋመበት አገር አንድ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት ሁለት። ትኬቱ የተገዛበት ሦስት። ጉዞው የሚያልቅበት አራት።"

"ጉዞዋማ ጎረቤት አገር ለስብሰባ ነበር።"

"አዎ፣ ግን ደርሶ መልስ ነው የቆረጠችው። ደርሶ መልስ ከሆነ ሕጉ መድረሻ የሚለው የተነሡበትን ቦታ ነው። አየር መንገዱም የደሴቲቱ ነው፣ ትኬቱም እዚያው ነው የተገዛው፤ ስለዚህ አራቱም በሮች እዚያ ናቸው።"

"አምስተኛውስ?"

"አምስተኛው የሟቹ ዋናና ቋሚ መኖሪያ ነው። አየር መንገዱ ወደ ዲትሮይትም ስለሚበር፣ የልጅዎ ቤት እዚህ ነበር ካሰኘን ማርኬት ከተማ ባለው ፌዴራል ፍርድ ቤት እንከሳለን። እዚያ ነበር ከተባለ ግን መዝገቡ ይዘጋል። ሁሉም ነገር እዚያው ሄዶ እንደ አዲስ ነው።"

ኡርሆ የቡና ኩባያውን አዞረው። "ልጄ ቤቷ የት እንደሆነ ዳኛ ነው የሚነግረኝ?"

"አዎ። ዳኛዋ ናቸው የሚወስኑት።"

ብራንት ስለ ካሳው፣ ስለ ዓመታቱ፣ ስለ ባሕር ማዶ ፍርድ ቤት ብዙ አወራች። ኡርሆ ከሁሉም የያዘው አንዱን ብቻ ነው። የልጁ አስከሬን አልተገኘም። መቃብሯ ላይ ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ በታች አፈር ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ "ካይሳ ካንጋስ ቤቷ እዚህ ነበር" ቢልለት፣ እሷን የሚቀብርበት ነገር ያገኘ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገው ይህን ነው። ገንዘቡን ለቤተክርስቲያኑ ጣሪያ ይስጡት፣ እሱ ምን ቸገረው።

ነገሩ ባዶ ተስፋም አልነበረም። ካይሳ ፓስፖርቷ የአሜሪካ ነው። ለምርጫ የተመዘገበችው በአባቷ አድራሻ ነው። መንጃ ፈቃዷም የሚቺጋን ነው። ደሴቲቱ ላይ የነበራት ሥራ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ውል፣ የኪራይ ቤት፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ብራንት እንደ ነገረችው ከዚህ በደከመ ማስረጃም የረቱ አሉ።

ከዚያ ግን ኡርሆ ራሱ አፉን ከፈተ። ከፈተ ስንል መክፈት ከተባለ ነው።

ችሎቱ ከመዋሉ በፊት የአየር መንገዱ ጠበቃ በመሐላ ሊጠይቀው ሃንኮክ ከተማ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ጠበቃው ዴላኒ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"ልጅዎ የቤትዎ ቁልፍ ነበራት?"

"የላትም።"

"የራሷ መኝታ ክፍልስ?"

"የላትም።"

"ተመልሳ እዚህ እንደምትኖር ነግራዎት ታውቃለች?"

"አልነገረችኝም።"

"እርስዎስ ተመለሺ ብለዋት ያውቃሉ?"

"ብያት አላውቅም" አለ።

ዴላኒ አመስግኖ ተነሣ። ብራንት ከደንበኛዋ ጋር መኪና ማቆሚያው እስኪደርሱ ድረስ ታግሣ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ሚስተር ካንጋስ፣ ቁልፍ የላትም ብለው ለምን ዝም አሉ?"

"የላትማ።"

"እርስዎስ አለዎት?"

"ምን?"

"የቤትዎ ቁልፍ።"

"ኧረ የለኝም። በሩ መቼ ይቆለፍና።"

ብራንት ቦርሳዋን መኪናው ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። "እሺ፣ መኝታስ? ስትመጣ የት ነበር የምትተኛው?"

"ሳውናው ውስጥ። ልብስ የሚወለቅበት ክፍል አለ፣ አልጋዋ እዚያ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በጋውን እዚያ ነው የምትተኛ፤ የሐይቁ ድምፅ ይሰማል።"

"ይህን ለምን አልነገሩትም?"

"አልጠየቀኝም።"

ሌላ አገር ሞኝነት ይባል ይሆናል። እነሱ ዘንድ ግን ከተጠየቁት አሳልፎ መናገር ብልግና ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው በዚያ ጫካ ሚስት አያገኝም። ኡርሆ በመሐላ ተጠየቀ፣ በልኩ መለሰ፣ ደህና ሥራ የሠራ መስሎት ወደ ቤቱ ነዳ። ክሱን ሊገድለው ምን ያህል እንደ ቀረው የገባው መንገድ ላይ ነው። የገባው ጊዜ መኪናውን ጥግ አስይዞ ብዙ ቆየ።

በዚያ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሚልት ትሬዚዝ እንደ ልማዱ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ። ሚልት ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዘሩ ከእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች ስለሆነ ወሬ ይወዳል፣ ፊንላንዶቹም ይህን እንደ በሽታ አይተው ይቅር ይሉታል። ሁለቱ ላይኛው አግዳሚ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ኡርሆ ሲወጣ ግራ ጉልበቱ፣ ድሮ መጋዝ ቤት ግንድ የወደቀበት፣ እንደ ተለመደው ከዳው፣ ግድግዳውን ተደግፎ እያቃሰተ ነው የደረሰው።

"እዚህ ደረጃ ላይ መደገፊያ የምትሠራው መቼ ነው?" አለ ሚልት። "አንድ ቀን ምድጃው ላይ ቁጭ ብለህ ነው የማገኝህ፤ ያኔ ማን ያነሣሃል?"

"መደገፊያ ለሽማግሌ ነው።"

"አንተ ምንድን ነህ፣ ኮረዳ?"

ካይሳም በየበጋው ትጨቀጭቀው ነበር። እንጨቱን መርጣ፣ ለክታ፣ "አባዬ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም" ስትለው፣ ጠፍራ ልታስቀምጠው የመጣች ይመስል ይቆጣል። አንድ በጋማ ልትጀምር ስትል መዶሻውን ደብቆባታል።

ሚልት ድንጋዩ ላይ ውኃ ጨመረና እንፋሎቱ እስኪበርድ ጠበቀ። "ስማኝ፣ አንተ ሽማግሌ። ዳኛዋ ፊት ስትቀርብ፣ ካይሳ በገና ጠቅልዬ እገባለሁ ብላኛለች በል።"

"አላለችም።"

"አላለችም፣ አላለችም! ማን ያስተባብልሃል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማህም? አንተ አንዲት ቃል ማለት አቅቶህ ልጅህን ለባዕድ ትሰጣለህ? እኔም ሰምቻለሁ ብዬ እምላለሁ።"

"አንተማ ያልሰማኸው ነገር የለም።"

ሚልት ሳቀ። ኡርሆ ግን አልሳቀም። ያችን ቃል ደጋግሞ ሲያስባት ሰነበተ። ጠቅልዬ እገባለሁ። ሌሊት ሌሊት በካይሳ ድምፅ ለራሱ ይላት ጀመር፣ እያደር የእውነት የሰማት እየመሰለው ሄደ። ያለችውን አንዲት ልጅ ያጣ ሰው ምን አይሰማ።

ችሎቱ የዋለው በመኸር ነው፣ ቅጠሉ ሁሉ ከቀላ በኋላ። ዳኛዋ ሎሬይን ፒት የሚባሉ፣ ከትልቁ ድልድይ በታች ካለው ከደቡቡ የሚቺጋን ክፍል የመጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። ኡርሆ ለአይሊ ቀብር የገዛውን ኮት ለብሶ ምስክር መቀመጫው ላይ ወጣ።

ብራንት የሃንኮኩን ስብራት ልትጠግን ተነሣች።

"ሚስተር ካንጋስ፣ ልጅዎ የቤትዎ ቁልፍ ያልነበራት ለምንድን ነው?"

"ቁልፍ የለንም።"

"በአካባቢዎ በሩን የሚቆልፍ ሰው አለ?"

ኡርሆ አሰበ። "ቤተክርስቲያኑ" አለ።

ሰው ሳቀ። ዳኛዋም ፈገግ ብለው ጻፉ። ብራንት አልጋዋን ጠየቀችው፣ ተናገረ። ቦት ጫማዋን ጠየቀችው፣ ከበሩ ጀርባ እስከ ዛሬ እንዳለ ተናገረ። በየበጋው እየመጣች ጀልባውን ቀለም እንደምትቀባ፣ የእናቷን መቃብር ሣር እንደምታጭድ፣ ሁሉን ተናገረ። የተጠየቀውን ብቻ ነበር የመለሰው፣ ግን ዛሬ የጠየቀችው ሴት መጠየቅ ታውቃለች። ዳኛዋ እየጻፉ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኡርሆ ይህን አይቶ ልቡ ሞላ። ሊሉልኝ ነው አለ በሆዱ። እዚህ ነበር ሊሉልኝ ነው።

ከዚያ ዴላኒ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ።

"ይህ ሟቿ ተከራይታ ትኖርበት የነበረው ግቢ ነው። ከቤቱ በስተኋላ፣ ባሕሩ ዳር፣ በራሷ ወጪ ያሠራችው አንድ ቤት አለ። ሰዎቻችን ዕቃ ቤት ይሆናል ይላሉ፣ አንዳንድ ጎረቤት ደግሞ ዓሣ የሚያጨሱበት ነው ይላል። ምንም ይሁን ምን፣ ለመሄድ ያሰበ ሰው በተከራየው መሬት ላይ ቤት አይሠራም የሚል ነው መከራከሪያችን። ሚስተር ካንጋስ፣ ይህን ቤት ያውቁታል?"

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። ኡርሆ አየው። ከግንድ የተሠራች ትንሽ ቤት ናት። በሩ ወደ ውኃው ዞሯል። መስኮቷ አንዲት ናት፣ ከበሩ በስተግራ፣ ሰው ተቀምጦ ውኃውን በሚያይበት ከፍታ ላይ። የጭስ ማውጫው ቆርቆሮ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ የእሱ ሳውና ማውጫም ዘመም ያለ ነው፣ በአንድ ማዕበል የተጣመመ፣ ካቃናው ጢሱ ስለሚመለስ ሳያቃናው የተወው። ካይሳ ጠማማውን ሳይቀር ሠርታዋለች።

ብራንት ከተቀመጠችበት አየችው። የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ ብላ ነግራው ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ግቢ ረግጦት አያውቅም። አላውቅም ቢል ውሸት እንኳ አይባልም። ዕቃ ቤት ነው ተብሎ ያልፋል፣ ዳኛዋ የጀመሩትን ጽሑፍ ይጨርሳሉ፣ ካይሳም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አፉን አዘጋጀ።

"ምናልባት የውስጡ ይረዳዎት እንደሆነ" አለና ዴላኒ ሁለተኛውን ፎቶግራፍ አወጣ።

ምድጃው፣ ድንጋዩ፣ የውኃው ባልዲ። ሁለት አግዳሚ፣ ታችና ላይ። ወደ ላይኛው በሚያወጣው ደረጃ በስተግራ በኩል፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የእንጨት መደገፊያ ነበር። በመላጊያ ለስልሷል፣ ጫፉ ለእጅ እንዲመች ክብ ሆኗል። ያረፈበት ቁመት የካይሳ አይደለም፤ ካይሳ አጭር ናት፣ እናቷን ነው የወጣችው። የረጅም ሰው ቁመት ነው። የካይሳ ጉልበት ደግሞ ደህና ነበር።

እኔም እንፋሎት ውስጥ ነበርኩ ብላው ነበር። ልትነግረው ነበር። እሱ ቀለደባት።

ኡርሆ ወደ ስክሪኑ ዞሮ መደገፊያውን ዳግም አየው።

"ሳውና ነው" አለ።

"ይቅርታ፣ ምን አሉ?"

"ሳውና። ልጄ የሠራችው ነው።"

"በዚያ ሙቀት አገር?" አሉ ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለ። ዴላኒም ቢሆን ምን እንዳገኘ ገና አልገባውም፣ ወረቀቱን ሊያገላብጥ ጀምሮ ነበር። የቀረበለት ጥያቄ ተመልሷል፤ ኡርሆ እንደ ዕድሜ ልኩ ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ያን ዕለት ግን ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ክብርት ዳኛ፣ አያቴ ከፊንላንድ ሲመጣ ጫካው ውስጥ መጀመሪያ የሠራው ሳውና ነው። ከቤት በፊት። ሁለት ክረምት እዚያ ውስጥ ኖሩ። አባቴ የተወለደው እዚያ ነው፣ አያቴ ሲሞትም የታጠበው እዚያ ነው። እኛ ዘንድ ለሥራ የሄደ ሰው የሰው ሳውና ይለምናል፣ አለዚያም ይቅርብኝ ብሎ ይመለሳል። የራሱን የሠራ ሰው ግን አይመለስም። አያቴም አልተመለሰ።"

"ምን እያሉኝ ነው፣ ሚስተር ካንጋስ?"

ብራንት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ወደ ታች ታይ ነበር።

"የልጄ ቤት ቶላሜራ ነበር" አለ ኡርሆ።

የደሴቲቱን ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እንዳሰበው አልከበደም፤ ልጁ ስትጠራው ሲሰማ ኖሮ ምላሱ ሳያውቀው ተለማምዶት ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ አሁን መመለሻ የለውም። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። መደገፊያውን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። ያችን ለራሱ አስቀራት።

መተላለፊያው ላይ ብራንት አልተቆጣችም። ደክሟት ነበር። "አንድ አላውቅም ብቻ እኮ ነው" አለችው።

"አውቃለሁማ።"

ዴላኒ ወደ አሳንሰሩ ሲያልፍ ቆመና የሁለተኛውን ፎቶግራፍ ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠውና ሄደ። ኡርሆ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ወደ ቤቱ ሲነዳ ሐይቁ በቀኝ በኩል መንገዱን ሁሉ አብሮት ሄደ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አይሊን ከቀበረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያነባ ነዳ። ቤቱ እንደ ተወው ክፍት ነበር።

ውሳኔው በረዶ ሲጥል መጣ። ብራንት ደወለች። ዳኛዋ መዝገቡን ዘግተዋል፣ ዋናና ቋሚ መኖሪያዋ ቶላሜራ ነበር ብለው ጽፈዋል። ይግባኝ ብንል አያዋጣም አለች። መክሰሻው ሁለት ዓመት ስላላለፈ ግን እዚያ መክሰስ ይቻላል፣ አንድ ታማኝ ጠበቃ አግኝታለች።

"ልጅዎን የሚያክል ሰው ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። እርስዎ መሄድ የለብዎትም። ፊርማዎ ይበቃል።"

"እሄዳለሁ።"

"ሚስተር ካንጋስ፣ በአውሮፕላን ሄደው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ወደዚያ የሚበረው እኮ ያው አየር መንገድ ብቻ ነው።"

"ሰምቻለሁ" አለና አመስግኖ ዘጋ። ፎቶግራፉ ከስልኩ ጎን በሚስማር ተሰቅሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሩ ሲቀመጥ የሚያየው አግኝቷል፣ ግን ማየቱ ዝምታውን አላቀለለለትም። እንዲያውም አከበደው። በፊት የማይጮህ ስልክ ብቻ ነበር፤ አሁን የተዘጋጀለት ቦታ፣ ያልሄደበት ቦታ፣ ሳይሰማው ያለፈው ነገር ሁሉ አብሮት ይቀመጣል። አሥራ አንድ ዓመት ናልኝ ሳትለው ስትጠራው ኖራለች፤ እሱም ነይልኝ ሳይላት ሲጠብቃት። የአባት ልጅ ናት፣ ከማን ትማር።

የሚሄድበት ሳምንት ሲደርስ ሚልት ፎጣውን ጥሎ መጣ። ወሬውን ገና ከበሩ ነው የጀመረው።

"ደርሶ መልስ ነው የቆረጥከው?"

"ደርሶ መልስ።"

"ጎበዝ። እንግዲህ ብትወድቅ እዚሁ ማርኬት ነው የምከስልህ። ጠበቃዋ ስታስረዳህ ሰምቻለሁ።"

"በመስኮት ነበር የሰማኸው?"

"በሩ ክፍት ነበር፣ በመስኮት ምን አመጣኝ።" ሚልት ወደ ላይኛው አግዳሚ ወጣና ተደላደለ። ኡርሆ ከታች ቆሞ ደረጃውን አየው። ሚልት ቀልዱን ተወ። "የእውነትህን ንገረኝ እስቲ። ክሱን ሴትየዋ ትጨርሰዋለች። ሰባ አራት ዓመትህ ነው፣ ጉልበት የለህም፣ አስከሬኗም የለም። እዚያ ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?"

ኡርሆ በግራ እጁ ግድግዳውን ዳሰሰ። የሚይዘው አልነበረም። ጥርሱን ነክሶ አንዱን ደረጃ ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።

"መደገፊያ ሠርታልኛለች" አለ።

ሚልት ጭልፋውን አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ውኃ ጨመረ።